እንሰት የፋቀው ሰው

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሴት ቀሚስ ለብሶና ሻሽ አስሮ ከሴቶች መሀል እንሰት የሚፍቅ ወንድ አየሁ። እንደዚያን ቀን የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬአለሁ። ለባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጋባን ሰሞን አውርቼለታለሁ። ልጆቼ ማታ አንተኛም ሲሉኝም "ቀሚስ የለበሰውን ሰውዬ ልንገራችሁ" ስላቸው ዝም ይሉልኝ ነበር። የልጅ ልጄ ሩሃማ ስትደርስ ግን ቀልዱ አርጅቶብኝ ነበርና ለእሷ አልነገርኳትም።

ሩሃማን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ "እማዬ" የምትለኝም እኔን ነው። ለዩኒቨርሲቲ ዲላ ስትመደብ ከሰንዳፋ ዕቃዬን ጠቅልዬ ተከትያት መጣሁ። ሰው ስቆብኛል። ይሳቅ። ሴት ልጅ ብቻዋን አገር አቋርጣ ስትሄድ እኔ ሰንዳፋ ተኝቼ ላድር ነው እንዴ? ዲላ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። እሷ ዶርም ታድራለች፣ እኔ ምሳዋን ቋጥሬ በሩ ላይ እጠብቃታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ለልምምድ ወናጎ አጠገብ ወዳለ አንድ የገጣሚ ቤት ተላከች። ቤቱ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ከሆነ ዓመት አልሞላውም። እሷ አስጎብኚ ልትሆን ነው። ሚኒባሱ እንደሚበር፣ ዳገቱን የሚወጣው ባጃጅ እንደሚገለበጥ፣ ጭቃው እንደሚያንሸራትት እያሰብኩ ሁለት ሌሊት ተገላበጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጃንጥላዬን ይዤ አብሬያት ተሳፈርኩ። "እማዬ፣ ጎብኚዎቹ ፊት ልጄ ብርድ እንዳይመታሽ እንዳትይኝ ብቻ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

እኔ ወናጎን አውቀዋለሁ። አባቴ ከሰንዳፋ መጥቶ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው፤ እስከ ስምንት ዓመቴ የኖርኩት እዚያ ነው። ባጃጁ ሲያልፍ ሱቃችን የነበረበትን ፈለግሁ፤ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ከዚያ ወደ ላይ ታጠፍን። ከቡናውና ከእንሰቱ መሀል የሚወጣውን ይህን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። ዘወትር ቅዳሜ ወተት ለማምጣት የምመላለስበት ነበር። ባጃጁ የቆመው የወተቱ ሴትዮ ደጃፍ ላይ ነው።

ገጣሚ ልጅ እንዳላቸው እኔ የት አውቄ። ለእኔ እሳቸው ወተት የሚቀዱልኝ፣ ጣሳዬን በእንሰት ቅጠል ከድነው "እንዳይደፋብሽ" የሚሉኝ ሴትዮ ነበሩ።

ቤቱ ክብ ነው፣ የቀርከሃ ግድግዳ፣ አዲስ የተከደነ ሣር። ውስጡ በመስታወት ሳጥን መነጽር፣ አንድ ደብተር፣ የመምህርነት መታወቂያ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የእንሰት መፋቂያ ሰሌዳ በሚስማር ተሰቅሏል፣ እንደ ሥዕል። ከበሩ ትይዩ ሁለት መስመር በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤

*የእናቴ ቀሚስ ሰፋኝ ጠበበኝ አገሩ፤*
*ከሴቶች መሀል ዋልኩ ሲንኳኳ በሩ።*

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ያኔ እንኳ አልገባኝም፤ ሰው ገና ያልተነገረውን ነገር ምኑን ይገባዋል።

የመጡት አሥራ አንድ ናቸው፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲው ልጆች። ሩሃማ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ድምፅዋ የማላውቀው፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ሆነ። ኮራሁባት። ገጣሚው ባርናባስ እዚህ እንደተወለደ፣ ዲላ መምህር እንደነበረ፣ ግጥሙ በእጅ እየተገለበጠ ተማሪው ኪስ እንደገባ፣ በዚህ የተነሳ በስድሳ ዘጠኝ መጨረሻ በመንግሥት ይፈለግ እንደነበር ተናገረች። ሸሽቶ እናቱ ቤት ገባ። ቤቱ ሦስት ጊዜ ተፈተሸ፤ ጣራው ተበሳ፣ አልጋው ተገለበጠ፣ አልተገኘም።

"የት ነበረ?" አለ አንዱ ልጅ።

ሩሃማ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ ፈገግ አለች። በዚህ አገር ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይጠጋም አለች። አባወራውም ቢሆን ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይገባም፤ ነውር ነው። ፈታሾቹም የአገሩ ልጆች ነበሩ። ጓሮ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ "ማን አለ?" ይላሉ፣ "ሴቶች" ይባላሉ፣ ይመለሳሉ። ባርናባስ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሻቸውን አስሮ፣ ከሴቶቹ ተርታ ተቀምጦ እንሰት ይፍቅ ነበር። ሁለት ወር።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔ የያዝኩት ጃንጥላ ወደቀ። አንዲት ልጅ አንስታ ሰጠችኝ፣ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አቃተኝ።

"ታዲያ እንዴት ተያዘ?" ተባለች።

"ተጠቆመ" አለች ሩሃማ። ከእሱ ቤተሰብ ሌላ እዚያ የነበረችው ብዙነሽ የምትባል ጎረቤት ብቻ ናት። ባሏ ተሾመ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ነበር። አንድ እሑድ ንጋት ላይ በቀጥታ ወደ ጓሮው መጡ፤ ያን ቀን ነውሩን ማንም አላሰበውም። ባርናባስ ከዚያ ወዲህ አልታየም። እናቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙነሽ ጋ እንሰት የሚፍቅ ሴት የለም። የእንሰት ሥራ የደቦ ነው፤ እሷ ግን ብቻዋን ነው የምትፍቀው። "አሁንም አለች" አለችና በመስኮት ጠቆመች። "ያ ከእንሰቱ በስተጀርባ ጭስ የሚታይበት ቤት።"

ሁሉም ወደ መስኮቱ ተጋፉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ጭሱን ፎቶ አነሳ። ሌላው "ሰላይዋ ቆጮ ትሸጣለች? በዚያው እንግዛ እንጂ" አለ፤ ሳቁ። የኔም ልጅ ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ወጥቼ ከጣራው ጫፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ቅዳሜ ጣሳዬን ይዤ ስመጣ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ድምፅ ከጓሮ ይሰማል፣ ጭርር ጭርር የሚል፣ ቀርከሃ እንጨት ላይ ሲጎተት። በቅጠሎቹ ሥር ሄድኩ። ቅጠሉ ከእኔ ይበልጣል፣ ጤዛው አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ የተቀበረው ቆጮ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ይወጋኛል። አምስት ሆነው ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ሰሌዳዋን አስደግፋ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ የእንሰቱን ግንድ በተረከዟ ሰሌዳው ላይ ረግጣ ይዛ ትፍቃለች። አምስተኛዋ ጥግ ላይ ናት። አፋፋቋ አያምርም፣ ግንዱ ያመልጣታል። ሲያመልጣት ቀሚሷ ተገለበ። የባት ፀጉር። እግሩ የአባቴን እግር ያህላል። ቀና ሲል ከሻሹ በታች ጢም።

ሳቅሁ። ጣሳውን ጥዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ቀርከሃው ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አለ። የወተቱ ሴትዮ ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ፣ በጌዴኦኛ አንድ ነገር አሉ፤ አልገባኝም። ጣታቸው አመመኝ። ያኔ ሕፃን ያዘለችው ወጣት ሴት ሳቀች። ከእኔ ጋር፣ ጮክ ብላ። "ጨዋታ ነው" አለችኝ በአማርኛ። "የኛ ጨዋታ። የኛ ብቻ።" ሰውየውም እንሰት ያነጣው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ብዙነሽ መሆኗ ነው። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ሳቅ አልነበረም፤ እኔን ለማረጋጋት ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ትልልቆቹ ወደ ጨዋታቸው አስገቡኝ ብዬ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። ዳገቱን እየዘለልኩ ወረድኩ፣ ግማሹን ወተት ደፋሁት።

በአባቴ ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የጨው ጆንያ ላይ እየተቀመጡ የሚያወጉ ሰዎች ነበሩ። ካኪ የሚለብስ አንድ ሰውዬ አለ፣ ሲጋራ ሊገዛ ይመጣል። ባየኝ ቁጥር "የነጋዴ ልጅ፣ ዛሬስ ምን ወሬ አለ?" ይለኛል። ወሬ ኖሮኝ አያውቅም፤ አፍሬ ከባንኮኒው ሥር እገባለሁ። ያን ቀን ግን ነበረኝ። "የወተቷ ቤት ወንድ ቀሚስ ለብሶ እንሰት ይፍቃል" አልኩት። የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፣ የእናቴን ነጠላ ራሴ ላይ አሰርኩ፣ እግሬን አነሳሁ፣ ግንዱ ሲያመልጠው እንዴት እንደደነገጠ አሳየሁ። ጆንያ ላይ ያሉት ሁሉ ፈነዱ። ከሁሉም የሳቀው ካኪ ለባሹ ነው፤ እንባውን እስኪጠርግ።

"እግሩስ?" አለኝ።

"ፀጉራም ነው።"

ሁለት ከረሜላ እጄ ላይ አኖረልኝ። ሲጋራውን ሳይወስድ ወጣ።

አባቴ ስኳር እየመዘነ ነበር። ስኳሩ ከሚዛኑ አልፎ መሬት ላይ ሲፈስ አየሁት። አንድ ፍሬ ሲባክን የሚቆጣ ሰው፣ ሲፈስ ዝም ብሎ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ሱቁን ዘጋ። በቀበቶ ገረፈኝ፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር። እያለቀሰ ነበር የሚገርፈኝ፤ አባት ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ከግርፋቱ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ላይ ጫነኝና ሰንዳፋ አክስቴ ጋ አደረሰኝ። ብዙም ሳይቆይ እነሱም ሱቁን ሸጠው መጡ።

የተገረፍኩት ከሰው እጅ ከረሜላ ስለተቀበልኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ዘወትር "ከማታውቂው ሰው ምንም አትቀበዪ" ትለኝ ነበርና። በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ ከዚህ የተለየ ምክንያት አስቤ አላውቅም። ልጆቼንም፣ ሩሃማንም፣ ከረሜላ ከሰው ሲቀበሉ ካየሁ ያንቀጠቅጠኛል፤ ነጥቄ እጥላለሁ። ስለ ሴትዮዋ ልጅ ማንም አልነገረኝም። አባቴ አንድ ጊዜ፣ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ፣ "ሱቅ ያወራሽው ነገር ትዝ ይልሻል?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "ቀሚስ የለበሰው ሰውዬ?" ብዬ ልስቅ ስል "ተይው በቃ" ብሎኝ ወጣ። ያን ቀን እራት አልበላም። ይህንንም ሲሞት ይዞት ሄደ። የእሱ ልጅ እንዳትጠየቅ የሰው ሚስት ስትጠየቅ ዝም አለ። ልፈርድበት አልችልም፤ እኔም ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አውቃለሁ።

ጎብኚዎቹ ሲወጡ ሩሃማ መጣች። ደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ፣ ግንባሬን ዳሰሰች። ነገርኳት። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር የምትሰማኝ፤ ከረሜላው ላይ ስደርስ ፊቷ ነጣ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ስምንት።"

እኔ ፍርሃቴ ተነሳ፤ ልማዴ ነው። ማንም እንዳይሰማ አልኳት። ኃላፊዋ ቢሰማ ልምምዷን ያበላሽባት ይሆናል፣ የአገሩ ሰው "የሰላይ ዘር" ብሎ ቢነሳባትስ፣ እሷ ገና ዓመት ተኩል ይቀራታል፣ ሌሊት ለሌሊት ከላይብረሪ ትወጣለች፣ ማን ይጠብቃታል። ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፣ ዘመኑም አልፏል። እጇን ይዤ ለመንኳት። እያወቅሁት፣ አባቴን ነበር የምመስለው።

"እማዬ" አለችኝ፣ "እኔ ዛሬ ለአሥራ አንድ ሰው ሰላይ ናት ብያለሁ። ነገ አርባ ተማሪ ይመጣል። ምን ልበላቸው?"

ተነሳሁና ወደ ጭሱ ሄድኩ። ሩሃማ ጃንጥላውን ይዛ ከኋላዬ መጣች።

ብዙነሽ ጓሮዋ ነበረች። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ሰው። ሰባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ እግሯን አንስታ ግንዱን በተረከዟ ረግጣ ስትፍቅ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሴቶች አጥሩን አልፈን ስንገባ ቀና ብላ አየችንና የምትሆነውን ያጣች ሰው ሆነች። ለካስ ከዚያ ወዲህ ሴት ወደዚያ ቦታ ገብታባት አታውቅም። አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። "ምን ጠፋህ? ማንን ነው የፈለግኸው?" አለችኝ።

የሱቁ ልጅ ነኝ አልኳት። ወተት የምትወስደዋ። ጣሳዋን ጥላ የሳቀችው።

እጇ አላቆመም። መፋቋን ቀጠለች፣ እኔም መናገሬን ቀጠልኩ። ካኪ ለባሹን ነገርኳት። ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ያሳየሁትን ነገርኳት። ከረሜላውን ነገርኳት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ልፈልግ ስል ቀርከሃው ዝም አለ።

"መቼ ነው የነገርከው?" አለች።

"ያኑ ቀን። ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ።"

"ሳይመሽ?"

"ሳይመሽ።"

መፋቂያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ትሰድበኛለች ወይም ትመታኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ በመታችኝ ብዬም ተመኝቻለሁ።

"ተሾመ አይደለም?" አለች።

ባልሽ ምን ያውቃል ልላት ስል እሷው ተናገረች። ያን ቅዳሜ ሲመሽ ከሥራ ስትገባ ልጅ እንዳየቻቸው፣ እንደፈራች ለተሾመ ነግራው ነበር። ለባሏ ብቻ። ለማን ትንገር ታዲያ። በማግስቱ ንጋት መጡ። ሰው ሁሉ ብዙነሽ ናት ሲል እሷ አፏን ከፍታ አይደለሁም ያላለችው ለዚህ ነው፤ እውነት መስሏት። እኔ ለባሌ ነገርኩ፣ ባሌ ለእነሱ ነገረ ብላ። ሴቶቹ ሲሸሿት የሚገባኝ ነው ብላ ተቀበለች። እሱን ግን አልማረችውም።

"ሃያ ስድስት ዓመት" አለች። "ምግብ አቀርባለሁ። ልብሱን አጥባለሁ። ቃል አልሰጠሁትም። አንድ ቃል። ልጆቹ በእኛ መሀል ሆነው ነው የሚያነጋግሩን። ሊሞት ሲል 'አልተናገርኩም ብዙነሽ' አለኝ። በእናቱ ማለ። እኔ ምን አደረግሁ? ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።"

ሩሃማ ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ እንባም አልመጣልኝም። ስሟን ላጠራ፣ ሸክሟን ላወርድ መጥቼ በእጄ ያኖርኩባትን አየሁት። አንድ ሰው ገደልኩ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ለካስ እዚህ ቤትም ሁለት ሰው በቁሙ ቀብሬአለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በምን ይቅርታ ይሉታል።

ነገ ለአርባዎቹ ተማሪዎች ቆሜ እንደምናገር፣ ለሠፈሩ ሴቶችም በየደጃቸው እየሄድኩ እንደምናገር ነገርኳት። ሩሃማም ራሷን ነቀነቀች። ብዙነሽ ይህን የሰማች አልመሰለኝም። መሬቱን ተደግፋ ተነሳች፣ ልደግፋት እጄን ብዘረጋ አልገፋችኝም፣ አልያዘችኝምም። በእንሰቶቹ መሀል ትንሽ እንደሄድን ሣር የለበሰ ጉብታ አለ፤ በራስጌው ድንጋይ ቆሟል። ስም አልተጻፈበትም። ዙሪያው ግን በንጽሕና የተጠረገ ነው፤ ማን እንደሚጠርገው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ድንጋዩ አጠገብ አቆመችኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ለሱ ንገረው" አለችኝ። "ጮክ ብለህ። ሲሞት ጆሮው ደክሞ ነበር።"